የቋጠሮ ግማሽ አልጋ

ወደዚያች የፋብሪካ ከተማ የተላክሁት ደሞዝና የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚያያዙ እንዳጠና ነበር። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ሰው በወር ምን ያገኛል፣ ከዚያ ላይ ለጣራ ምን ያህሉን ያወጣል፣ የተረፈው ለምን ይበቃል ብሎ ቤት ለቤት መጠየቅ ነው። ነገር ግን ገና ከጅምሩ አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ሠራተኞች ብዛት ያዝኩ፤ የሚከራዩባቸውን ክፍሎችና በክፍሎቹ ውስጥ ያሉትን አልጋዎችም ያዝኩ። አልጋው የሰዉን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሆኖም በየበረንዳው ተጠቅልሎ የሚያድር ሰው አላየሁም፤ መሬት ላይ የሚተኛውም ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል። የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እኔ ብቻ ያላየሁት ነገር አለ ማለት ነውና።

ያን ነገር ያየሁት ቋጠሮ የምትባል ሴት ሥራ ላይ ቆማ ስመለከት ነው።

ቋጠሮ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ናት። ሥራዋን ለመረዳት ማሽኑን መረዳት ያስፈልጋል። በቁመት የተወጠረው ክር ድር ይባላል፤ በመሃሉ እየተመላለሰ ጨርቅ የሚያደርገው ደግሞ ማግ ነው። ከድሩ አንዲት ክር ስትበጠስ ማሽኑ በራሱ ይቆማል። ማሽን ከቆመ ጨርቅ የለም፤ ጨርቅ ከሌለ ከደሞዙ ይቀነሳል። ስለዚህ በመቶዎች ከሚቆጠሩት ክሮች መካከል የተበጠሰችውን በዓይን ፈልጎ፣ ጫፏን ይዞ፣ ቋጥሮ፣ ማሽኑን ማስነሣት ነው። እሷ ይህን የምትሠራበት ፍጥነት ተአምር ነው። ጣቶቿን እያየሁ እንኳ ቋጠሮው መቼ እንደታሰረ አላየሁም። ስሙ የወጣላት ከዚያ ነው፤ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት የደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ፋብሪካው በሁለት ፈረቃ ነበር የሚሠራው፤ የቀንና የሌሊት፣ እያንዳንዱ አስራ ሁለት ሰዓት። ቋጠሮ የሌሊት ነበረች። ሲነጋ ተረካቢዋ መጣች። ተረካቢ የሚባለው በሚቀጥለው ፈረቃ በዚያው ማሽን ላይ የሚቆመው ሰው ነው። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ወዘናዋ ያልጠፋ፣ ፊቷ ሁሌ ሊስቅ የተዘጋጀ ሴት ናት። ቋጠሮ በማሽኑ ጩኸት ላይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ የትኛው ድር እንደሚያስቸግር ነገረቻት። ከዚያ ከአንገቷ ላይ በክር የታሰረ ቁልፍ አውልቃ አጠለቀችላት፤ ምሽት ላይ ደግሞ ቁልፉ በዚያው መንገድ ይመለሳል ማለት ነው።

አልጋው የተገኘው እዚያ ላይ ነው። በዚያች ከተማ ማሽንሽን የተረከበችሽ ሴት አልጋሽንም ትረከባለች። ደንቡን ማንም አልጻፈውም፤ ግን ከዚህ የተሻለ ደንብ ማውጣት ይቻል እንደሆነ አስቡት። አንቺ በተኛሽበት ሰዓት በእርግጠኝነት ሥራ ላይ የምትሆን ሰው ማን ናት? ያንቺው ማሽን ላይ የቆመችው። እሷ ማሽኑ ላይ እስካለች ድረስ አልጋው ላንቺ ባዶ ነው። እያንዳንዷ የራሷ አንሶላ አላት፤ ስትነሣ ጠቅልላ ራስጌ ታስቀምጠዋለች። ኪራዩን እኩል ይከፍላሉ። ሁለቱም ተረካቢያቸውን አልጋ ወራሽ ነው የሚሏት። የቋጠሮ አልጋ ወራሽ ይህን ስትነግረኝ በጣም ኮርታ ነበር። ዘውዱ ቢቀርብንም ወራሽ አላጣንም አለችኝ።

ወደ ሠንጠረዤ ስመለስ ሌላም ነገር ፍንትው አለ። በዚያች ከተማ ደሞዝ ከጎረቤት ከተሞች ያንሳል። ታዲያ ሰው ለምን ለቆ አይሄድም? ምክንያቱም በግማሽ አልጋ ዋጋ መኖር የሚቻለው እዚያ ብቻ ነው። ፋብሪካው ይህን ያውቅ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ማወቅ አያስፈልገውም። ባነሰ ደሞዝ ሰው ከመጣለት ያንኑ ይከፍላል። ደሞዙ ቀስ በቀስ በግማሽ አልጋ ልክ ተሰፋ። ሙሉ አልጋ የሚፈልግ ሰው ደሞዙ ይጠበዋል።

ቋጠሮ ደግሞ ከሙሉ አልጋም በላይ የምትፈልግ ሰው ነበረች።

ሚጢ የምትባል ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ጡት እንደጣለች ቋጠሮ ለራሷ ታላቅ እህት ሰጥታት ነው ፋብሪካ የገባችው። እህቷን እታለም ብላ ነው የምትጠራት፤ የምትኖረው ገጠር፣ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው። ቋጠሮ ልጇን የምታየው በዓመት አንዴ፣ ፋብሪካው ለጥገና ሲዘጋ ነው። ያን ዓመት ግን ሚጢ ሰባት ሊሞላት ሆነ፤ ትምህርት ቤት መግባት አለባት። በዚያው ላይ የእታለም ባል መንገድ ሥራ ላይ ተቀጠረ፤ ክረምቱ ሲወጣ ቤተሰቡን ይዞ ሩቅ ሊሄድ ነው። እታለም ስልክ ደውላ ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረቻት። የምትወስጃት ከሆነ አሁን ውሰጃት፤ ከሄድን በኋላ እንኳን በዓመት በሁለት ዓመትም ላታያት ትችያለሽ አለቻት። ደግሞ ልጅቷ እኔን ነው እማዬ የምትለው፤ ይህ ነገር በጊዜ ካልታረመ ኋላ ለማንም አይበጅም ብላ ጨመረችበት።

ቋጠሮ ልጇን ለመውሰድ ቆረጠች። የሚያግዳት አስራ ሁለቱ ሰዓት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ቀኑን የሚተኛ ሰው ልጅ አያሳድግም። የእኔ ጥናት የመጀመሪያ ክፍል ያለቀው በዚህ መሃል ነው፤ ወረቀቶቼን ሰብስቤ ሄድኩ። ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ ከወራት በኋላ ስመለስ ሴቶቹ ናቸው።

ሠራተኞቹ የሥራው ሰዓት ወደ ስምንት እንዲወርድ ቀድሞም ይጠይቁ ነበር፤ ጥያቄው ግን በየስብሰባው ተነሥቶ በየስብሰባው የሚተኛ ነበር። በዚያ ክረምት ስብሰባ ላይ ቋጠሮ ተነሣች። በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ያለችውን ሁሉም በቃላቸው ይዘውታል።

«አስራ ሁለት ሰዓት ቆሜ፣ ስምንት ሰዓት ተኝቼ፣ ልጄን የማያት መቼ ነው? ስትሞሸር?»

አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም አለ፤ የብዙዎቹ ልጅ ሌላ ቦታ ነበርና። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ያን ዝምታ ይዞ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባ። የሚገርመው ፋብሪካው ብዙ አልተሟገተም። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። በአስራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ላይ የሚሠራው ጨርቅ እንከን ይበዛበታል፤ የደከመ ዓይን የተበጠሰ ክር አያይም። አዲስ ትዕዛዝም መጥቶ ነበር። ስለዚህ ፈረቃው ሦስት ይሁን፣ በየሳምንቱ ይቀያየር፣ የቀን ደሞዝ አይቀነስ፣ እንዲያውም ትንሽ ይጨመር ተባለ። ለሦስተኛው ፈረቃ አዲስ ሰው ተቀጠረ። ስምምነቱ በተፈረመ ቀን ሴቶቹ ቋጠሮን ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሸክመዋት ሄዱ። እሷም እታለም ጋ ደወለችና ላኪያት አለቻት።

በዚያ ሁሉ ስብሰባ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ምሳ ሰዓት፣ ስለ ጆሮ መድፈኛ ሳይቀር ተነሥቷል። ስለ አልጋ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አልጋውን የሰጣቸው አከራዩ ይመስላቸው ነበር እንጂ ፈረቃው መሆኑ አልታያቸውም።

ነገሩን ቀስ ብለን እንየው፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ጥናት የወደድኩት ስሌት ይህ ነው፣ ደስ የሚል ስሌት ባይሆንም። ፈረቃው ሁለት ሲሆን ከሁለት ሰዎች አንዷ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት፤ አንድ አልጋ ይበቃል። ፈረቃው ሦስት ሲሆንስ? የጠዋት ፈረቃ ገቢዋ በጊዜ ተኝታ ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች። የከሰዓት ገቢዋ ሲመሽ ወጥታ ትተኛለች። ሁለቱም ሌሊት ነው የሚተኙት። ቀን የምትተኛው የሌሊት ገቢዋ ብቻ ናት። ስለዚህ በየማሽኑ ሦስት ሰው ቢኖር ሌሊት ሁለቱ አልጋ ይፈልጋሉ። ድሮ ለአንድ ማሽን አንድ አልጋ ይበቃ ነበር፤ አሁን ሁለት ያስፈልጋል። በአንድ ፊርማ የከተማዋ የአልጋ ፍላጎት እጥፍ ሆነ። አልጋው ግን ያው የትናንቱ ነው።

ስመለስ ቋጠሮ የምትኖርበት ግቢ በር ላይ አዲስ የተቀጠሩ ልጃገረዶች ሻንጣቸውን ይዘው ቆመው አገኘሁ። ሴቶቹ እትዬ የሚሏት አከራያቸው በር ላይ ቆማ ታነጋግራቸዋለች። ጨካኝ ሴት አይደለችም፤ ሠራተኞቹ ሲታመሙ ሾርባ የምትሠራ ናት። ኪራይ ለምን ጨመርሽ ብዬ ስጠይቃት ከልቧ ተቀየመች።

«እኔ መች ጨመርኩ? እነሱ ናቸው የሚጨምሩብኝ። አንዷ ይህን ያህል ስትለኝ፣ ከኋላዋ ያለችው እኔ እበልጣለሁ ትላለች። ዝም ብዬ መቆሜ ነው ጥፋቴ?»

ልክ ናት። ለአንድ ነገር ሁለት ፈላጊ ሲመጣ ባለቤቱ መጮህ አያስፈልገውም። የደሞዙ ጭማሪ ከፋብሪካው በር ወጥቶ እትዬ በር ድረስ ሄደ፤ ከዚያ አላለፈም። በየግቢው ጠየቅኩ፤ የትም ቦታ ነገሩ ያው ነው።

ቋጠሮና አልጋ ወራሿ ግን አልተለያዩም ነበር። የአልጋው ዋጋ ቢወጣም ለሁለት ተካፍለው ያዙት። ከሦስት ሳምንት ሁለቱን አንዳቸው ሌሊት ስለሚገቡ እንደ ድሮው ይፈራረቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁለቱም ሌሊት ተኚ ናቸው፤ እግርና ራስ ሆነው ይተኛሉ። አልጋ ወራሿ በዚህ ሳምንት ስለ ቋጠሮ እግር የምትለው አያልቅባትም። ለዓመታት አንድ አልጋ ላይ ኖረን እዚያው ላይ ተገናኝተን አናውቅም ነበር፤ አሁን ከእግሯ ጋር ተዋወቅሁ፣ ለሰላምታ ይቸኩላል ትላለች።

ሚጢ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። አንዲት ቀጭን አልጋ፣ ሁለት ሴቶች፣ አሁን ደግሞ ልጅ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። በክፍሉ ሦስት አልጋ አለ፤ ስድስቱም ሴቶች የልጅ ናፍቆት አለባቸው፤ አንዷ ፀጉሯን ትሠራታለች፣ አንዷ ካልሲ ትገዛላታለች። ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ቋጠሮ ሌሊት ስትገባ ልጅቷ ከአልጋ ወራሿ ጋር ታድራለች። አልጋ ወራሿ ስትገባ ከእናቷ ጋር ታድራለች። ሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ቋጠሮ አልጋውን ለሁለቱ ትታ በአልጋዎቹ መካከል መሬት ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተኛች።

ተኛች ከማለት አልተኛችም ማለት ይቀላል። ከሥራ የምትመጣው ከመንገዷ ላይ ትረግጣታለች፤ ወደ ሥራ የምትሄደው በላይዋ ትዘላለች። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ማሽኗ ላይ ቆማ ሳለ ድር ተበጠሰ። ማሽኑን የሚያቆመው ነገር ተበላሽቶ ኖሮ ሳይቆም ቀጠለ። እንዲህ ያለውን ዓይን ነው የሚይዘው፤ የቋጠሮ ዓይን ደግሞ ተከፍቶ ተኝቶ ነበር። ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ የወጣበት ረጅም ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። ፎርማኑ ጨርቁን ዘርግቶ አሳያት። ሌላ ሰው ብትሆኚ ዝም ባልኩሽ፤ አንቺ ግን ስምሽ ቋጠሮ ነው አላት። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ሁለተኛው ማሰናበቻ ነው።

ቤትም ነገሩ እየጠጠረ ሄደ። በሦስት ፈረቃ ክፍል ውስጥ ቀንም ሌሊትም የሚተኛ ሰው አይጠፋም። ፀጉር ስትሠራላት የነበረችው ሴት ልጅቷ እንድትወጣላት መለመን ጀመረች፤ ኋላ መለመኑን ተወችና ማዘዝ ጀመረች። እትዬም ለልጅ ኪራይ ባልጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን በልጅቷ ቦታ ከፋይ የሚገባ ሰው በሬ ላይ ቆሟል አለች።

ቋጠሮ መውጫ ያልፈለገችበት ቦታ የለም። ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ርካሽ ክፍል አየች። ይህንንም በመስክ ጥናቴ ስከታተል የቆየሁት ጉዳይ ስለሆነ አብሬያት ሄጄ አየሁ። ከፋብሪካው በራቁ ቁጥር ኪራይ ይወርዳል፤ የወረደውን ግን መንገዱ ይበላዋል። ወደዚያ የሚሄደው መኪና ሲመሽ ያቆማል። የከሰዓት ፈረቃ ስትሆን በጨለማ በእግሯ መሄድ አለባት። የሌሊት ፈረቃ ስትሆን ደግሞ ልጅቷ ብቻዋን ታድራለች። በፊርማ ያገኘቻቸውን ሰዓታት እግሯ መልሶ ያወጣቸዋል ማለት ነው። ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጣራውን አየች፤ ጥሩ ክፍል ነው አለች፤ ከዚያ ተመለስን።

አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ አልጋ ወራሿ ብትለቅ። ይህን ቋጠሮ በአፏ አልጠየቀችም። የጠየቀችው በዝምታ ነበር፤ አልጋ ወራሿም ሰማችው። ቀልዱን ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወችው።

«ለሚጢ ብዬ ብለቅልሽ ደስ ይለኛል፣ እህቴ። ግን የት ልሂድ? አንቺ ልጅ አለሽ፤ እኔ ደግሞ ከዚህ አልጋ ሌላ ምንም የለኝም። ደግሞ ብለቅልሽስ፣ ብቻሽን ልትከፍዪው ነው?»

ቋጠሮ ሙሉ አልጋውን ብቻዋን ብትከፍል ለሁለት አፍ የሚተርፍ ነገር እንደማይኖር ታውቃለች። ደሞዙ የተሰፋው በግማሽ አልጋ ልክ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። አንሶላዋን አጣጥፋ ራስጌ አስቀመጠችና ወደ ሥራ ሄደች።

እታለምና ባሏ ወደ መንገድ ሥራው ሲሄዱ በዚያች ከተማ በኩል አለፉ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ጊዜ ነበራቸው። እታለም ወደ ክፍሉ ገብታ ሦስቱን አልጋ፣ የተኙትን ሴቶች፣ መሬት ላይ የተጠቀለለውን ነጠላ አየች። ወደ ግቢው ተመልሳ እህቷን በክንዷ ይዛ ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰደቻት።

«ልውሰዳት?» አለቻት።

ቋጠሮ «ዓመቱን ብቻ» ብላ ጀመረችና አቋረጠች። «ውሰጃት።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። አዲሷን ካልሲ አድርጋ፣ ደብተሯን ታቅፋ አውቶቡሱ ላይ ወጣች፤ እታለም ጎን ተቀመጠች። ቋጠሮ ለከሰዓት ፈረቃ ስለምትገባ አውቶቡሱ እስኪነሣ አልቆየችም።

በማግስቱ ፎርማኑን ቋሚ የሌሊት ገቢ እንዲያደርጋት ጠየቀችው። ማንም የማይፈልገውን ፈረቃ ስለጠየቀች ወዲያው ፈቀደላት። ለምን እንደጠየቀች ግን እኔ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ቀን የምትተኛ ሰው ከሌላዋ ጋር እግርና ራስ መሆን አያስፈልጋትም፤ ኪራይዋም ግማሽ ሆኖ ይቆያል። እንደሷ ያሰቡ ብዙ ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ የሌሊት ፈረቃ ሰው የሚሽቀዳደምበት ሆነ። ሴቶቹ ያን ሁሉ ታግለው ያመለጡትን ሌሊት ራሳቸው ተሰልፈው መልሰው ጠየቁት። በሥራዬ እንዲህ ያለ የገበያ ጠመዝማዛ ሳይ ልቤ ይሞቃል፤ በዚያ ቀን ግን ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋት ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ በተሰበሰበው ኪራይ ከክፍሎቹ በላይ ፎቅ እያሠራች ነበር፤ መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ቋጠሮ እንቅልፍ አጥታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። እኔም ደስ እያለኝ አስረዳኋት። ኪራይ ሲወደድ ሰው ቤት ይሠራል፤ ቤት ሲበዛ ኪራይ ይረክሳል፤ ይህ የምትሰሚው መዶሻ የዚያ ድምፅ ነው አልኳት። በጥሞና ሰማችኝ።

«መቼ ነው የሚረክሰው?» አለችኝ።

«ሁለት ዓመት። ሦስትም ሊሆን ይችላል።»

«ያኔ አስር ዓመቷ ነው» አለች።

ስልኳ የጠራው እዚያው ተቀምጠን ሳለ ነው። እታለም ነበረች። መዶሻው ስላስቸገራት ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም ሰማሁ። ሚጢ ትምህርት ጀምራለች፤ ቁጥር ትወዳለች፤ አንድ ነገር ግን አለ። መምህሯ እታለምን ጠርታ ልጅቷን ጉሮሮዋን አስመርምሪያት ብላታለች። ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ የምትመልሰው በሹክሹክታ ነው፤ ከጓደኞቿ ጋር እንኳ ስትጫወት ድምፅ አታወጣም። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ቋጠሮ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው። ከኋላዋ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ተኝተው ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«አትውሰጃት። ጤነኛ ናት በያት መምህሯን። ሰው እንዳትቀሰቅስ ነው።»